ባለ ቦይና ባለ ቀዳዳ የፍሬን ዲስክ፦ ግራና ቀኙ በምን ይለያል?

የመኪናቸውን የፊት ፍሬን ራሳቸው የሚቀይሩ ሰዎች፣ ፊቱ ላይ ጠመዝማዛ ቦዮች የተቀረጹበትን ወይም በቀዳዳዎች የተበሳሳውን አዲስ ዲስክ ከካርቶኑ አውጥተው መሬት ላይ ሲያስቀምጡት፣ የትኛው ለግራ የትኛው ለቀኝ ጎማ እንደሆነ መለየት ይቸግራቸዋል። አብዛኛው ሰው መልሱን የሚፈልገው ዓይኑ ቀድሞ ባረፈበት ቦታ፣ ማለትም በቦዮቹ ላይ ነው፤ ቦዮቹ ወደ ፊት ካዩ ትክክል ነው የሚል አለ፣ ወደ ኋላ ካዩ ነው ትክክሉ የሚልም አለ፣ በዚህ ጉዳይ አንድ ጋራዥ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት መካኒኮች ሲከራከሩ መስማትም እንግዳ ነገር አይደለም። ክርክሩ የማይቋጨው ሁለቱም ወገኖች የተሳሳተውን ቦታ እየተመለከቱ ስለሆነ ነው። የዲስኩን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር ሳይሆን በውስጡ የተሸሸገው ነው።

የፍሬን ዲስክ ዋና ሥራው ምንድን ነው?

ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ በቱቦ ውስጥ ግፊቱን ወደ ካሊፐሩ ያስተላልፋል፤ ካሊፐሩም ሁለት ሸራዎችን ከግራና ከቀኝ እየገፋ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን የብረት ሳህን ይጨምቃል። ዲስክ የሚባለው ይህ ሳህን ነው። መኪናው የሚቆመው በፍትጊያ ነውና፣ የነበረው የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ስለዚህ ዲስኩ ማስቆሚያ ብቻ ሳይሆን ሙቀትን ተቀብሎ ወደ አየር የሚያስተላልፍ መሣሪያም ነው።

የሙቀቱን መጠን በቁጥር ማየት ጉዳዩን ያቀልለዋል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆይቶ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቢቆም የሚፈጠረው ሙቀት ወደ 580 ኪሎ ጁል ይጠጋል፤ ይህም 1.7 ሊትር ገደማ የክፍል ሙቀት ያለውን ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ፣ ባብዛኛውም በሁለቱ የፊት ዲስኮች ላይ ነው፤ መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ የፊት ጎማዎች የበለጠውን ሥራ ይሸከማሉ።

አንድ ጊዜ ማቆም ቀላል ነው፤ ዲስኩን የሚፈትነው ቁልቁለት ነው። ከጎሐጽዮን ተነስቶ ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ያው 1,500 ኪሎ ግራም መኪና 1,000 ሜትር ብቻ ወረደ ብንል እንኳ የሚለቀቀው ጉልበት ወደ 14,700 ኪሎ ጁል ይደርሳል፤ ይህም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲበር የነበረን መኪና 25 ጊዜ ያህል እንደ ማቆም ነው። በከባድ ማርሽ የሚወርድ አስተዋይ ሾፌር ከዚህ ብዙውን ለሞተሩ ያሸክመዋል። በፍሬን ብቻ የሚወርደው ግን ዲስኩ የሚያስተነፍስበት ፋታ አይሰጠውም፤ ሸራው ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፣ ሙቀቱም ወደ ዘይቱ ይደርሳል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት ይጠበቅበታል፤ እርጥበት ከመጠጠ በኋላ ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃልና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል።

ዲስክ ፍሬን ታምቡርን፣ ማለትም ሸራዎቹ ከውስጥ ሆነው የሚገፉትን የከበሮ ቅርጽ ያለውን የቀድሞ ፍሬን፣ የተካው በዋነኛነት ሙቀትን ለአየር አጋልጦ በመስጠቱ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ጃጓር በዲስክ ፍሬን የታጠቀ ሲ ታይፕ መኪናውን ይዞ የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ሲያሸንፍ፣ ተፎካካሪዎቹ በታምቡር ፍሬን ምክንያት ቀድመው ፍጥነታቸውን ለመቀነስ ይገደዱ ነበር።

በዲስኩ ውስጥ ምን አለ?

የብዙ መኪናዎች የኋላ ዲስክ አንድ ወጥ ሳህን ነው። የፊቱ ግን ባብዛኛው በመሃላቸው ክፍተት ያላቸው ሁለት ሳህኖች ናቸው፤ ሁለቱን የሚያያይዟቸውም ክንፍ ልንላቸው የምንችል የብረት ግድግዳዎች ናቸው። ዲስኩን በጠርዙ በኩል ብናየው እነዚህ ክንፎች ትንንሽ መስኮቶችን እንደሚከፋፍሉ ዓምዶች ሆነው ይታያሉ። ዲስኩ ሲሽከረከር በክንፎቹ መካከል ያለው አየር ወደ ውጭ ይሽቀነጠራል፣ በቦታውም ከመሃል በኩል አዲስ አየር ይሳባል። በውሃ ፓምፕ ሆድ ውስጥ ያለው ተሽከርካሪ የሚሠራው ሥራ በትክክል ይኸው ነው፤ እዚህ የሚገፋው በውሃ ፋንታ አየር መሆኑ ብቻ ይለያል።

ክንፎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ ብለው የሚሄዱ አሉ፤ በግድግዳ ፋንታ እንደ ጥርስ የተበታተኑ ትንንሽ ምሰሶዎች የሆኑም አሉ። እነዚህ ሁለቱ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሽከረከሩ አየሩን የሚገፉት እኩል ስለሆነ ግራና ቀኝ የላቸውም። ሦስተኛው ዓይነት ወደ አንድ ጎን የተቆለመመ ወይም የተጋደመ ክንፍ ነው፤ የአቅጣጫ ጥያቄ በእውነት የሚነሳው በዚህኛው ላይ ነው።

የተቆለመመ ክንፍ በደንብ የሚሠራው ወደ ኋላ ተኝቶ ሲሽከረከር ነው። ነጠላዋን በአንድ እጇ ይዛ ባለችበት የምትሽከረከር ሴትን ማሰብ ይረዳል፤ በእጇ የጨበጠችው ጫፍ ከእሷ እኩል ሲዞር፣ ነጻ የሆነው የውጭው ጫፍ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተላታል። የዲስኩም ክንፍ እንዲሁ ነው፦ በመሃል በኩል ያለው ጫፍ ይመራል፣ በጠርዝ በኩል ያለው ጫፍ ይከተላል። እንዲህ ሲሆን አየሩ በክንፉ ጀርባ ላይ ሳይናጥና ሳይሰናከል ተንሸራቶ ይወጣል። ዲስኩ በተቃራኒው ጎን ከታሰረ ግን የውጭው ጫፍ እንደ አካፋ ወደ ፊት ስለሚቀድም፣ አየሩ መውጣቱን ባያቆምም በአግባቡ አይፈስም፣ መጠኑም ይቀንሳል።

ቦዩና ቀዳዳው ታዲያ ለምን ተሠሩ?

ቀዳዳ የመብሳት ልማድ የመጣው ከድሮ ሸራዎች ጠባይ ነው። ሸራውን የሚያጣብቁት ሙጫዎች ሲግሉ ጋዝ ይለቁ ነበር፤ ጋዙም በሸራውና በዲስኩ መካከል እየገባ መያዙን ያሰናክል ስለነበር መውጫ ያስፈልገው ነበር። የዛሬ ሸራዎች ጋዝ የሚለቁት በጣም አነስተኛ ነው፤ የቀዳዳው ጥቅም አሁን በዝናብ ጊዜ በዲስኩ ፊት ላይ ያለውን ውሃ ቶሎ ማስወገድና ክብደትን በጥቂቱ መቀነስ ነው። በአንጻሩ ዲስክ በኃይል እየጋለና እየቀዘቀዘ ሲሠራ ስንጥቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከቀዳዳው ጠርዝ ነው።

ቦዩ የሸራውን ፊት እየጠረገ ብናኙን ያስወግዳል፣ በሙቀት የተለበጠውንና የተወለወለውን የሸራ ፊትም ያድሳል። ዋጋው ሸራው ትንሽ ቶሎ ማለቁና አንዳንድ ጊዜ ፍሬን ሲያዝ የሚሰማው እንደ ማጉረምረም ያለ ድምፅ ነው። ቀዳዳዎቹም ሆኑ ቦዮቹ ጠመዝማዛ መስመር ይዘው የሚደረደሩት ለውበት ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ቀዳዳ ከመሃል እኩል ርቀት ላይ ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ አንዱን የሸራ ክፍል ብቻ እየነካ ሸራውን ባለ ጉብታ ያደርገው ነበር።

ቦዩ ወዴት ማየት አለበት?

ለሁሉም ዲስክ የሚሠራ አንድ ሕግ የለም። ቦይ ጠርዙን አስቀድሞ ሸራው ሥር ቢገባም፣ መሃሉን አስቀድሞ ቢገባም ሸራውን መጥረጉ አይቀርም፤ በተራ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው በሁለቱ መካከል ልዩነት አያስተውልም። አምራቾችም ቦዩን ወደ አንድ ወገን ብቻ አያዞሩም፤ አንዱ ወደ ፊት ያዘነበለ ያደርገዋል፣ ሌላው ወደ ኋላ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የውስጡ ክንፍ ወደ ኋላ በተጋደመ ጊዜ ቦዩን ሆን ብለው ወደ ፊት እንዲያዘነብል፣ ማለትም ከክንፉ ጋር እንዲሻገር የሚያደርጉ አምራቾች አሉ። እንዲህ ያለ ዲስክ በትክክለኛው ጎን ሲታሰር ከውጭ ለሚያየው ሰው የተገለበጠ ይመስለዋል። የውድድር ፍሬን በመሥራት የሚታወቀው የአሜሪካው ስቶፕቴክ ለደንበኞቹ የሚሰጠው ማብራሪያም አቅጣጫው የሚወሰነው በክንፉ እንጂ በቦዩ ወይም በቀዳዳው አለመሆኑን ይናገራል።

እኔም በዚህ ተሳስቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሜሪላንድ ውስጥ በምኖርበት ሕንፃ መኪና ማቆሚያ ላይ ሁለቱንም የፊት ዲስኮች በትክክል አስሬ ከጨረስኩ በኋላ፣ ራቅ ብዬ ስመለከታቸው ቦዮቹ «ወደ ኋላ የሚሄዱ» መሰሉኝና ሁለቱንም ፈትቼ አቀያየርኳቸው። በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ ረጅም ዘመን በመካኒክነት የሠሩ አንድ ጎረቤቴ አለፉ፤ ጎማውን ገና አልመለስኩትም ነበር። ጎንበስ ብለው አዩና «ማነው እንዲህ ያሰረው?» አሉ። ቦዩን እያሳየሁ ምክንያቴን ነገርኳቸው። «ቦዩን ተወው ልጄ፣ እሱ ጌጥ ነው። ሆዱን እየው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሆዱማ ጨለማ ነው» ስላቸው ከደረጃው ሥር ከነበረው መጥረጊያ አንድ ቀጭን ጭራሮ መዘው በዲስኩ ጠርዝ ባለው መስኮት ከላይ ወደ ታች ከተቱት። ጭራሮው ወደ መኪናው ኋላ አጋድሎ ገባ። ሌላ አልተናገሩም፤ እኔም ቁልፌን አንስቼ እንደገና መፍታት ጀመርኩ። ጌጥ ማለታቸው በእርግጥ ትንሽ ማጋነን ነበር።

በገዛ እጅ እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?

የመጀመሪያው ነገር ምልክት መፈለግ ነው። አቅጣጫ ያላቸው ዲስኮች ብዙ ጊዜ በካርቶኑ፣ በጠርዙ ወይም በመሃለኛው ቆብ ላይ ግራ ወይም ቀኝ የሚል ምልክት ወይም የመሽከርከሪያ ቀስት አላቸው፤ የመለዋወጫ ቁጥራቸውም ለግራና ለቀኝ ይለያያል። የአምራቹ ምልክት ካለ ክርክሩ እዚያ ያበቃል፣ ቦዩ ምንም ቢመስል። ግራ የሚባለው ሾፌሩ በመቀመጫው ላይ ሆኖ ወደ ፊት ሲያይ በግራ እጁ በኩል ያለው ነው፤ ከመኪናው ፊት ለፊት ቆሞ የሚያይ ሰው ግራ አይደለም። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነው።

ምልክት ከሌለ የጭራሮው ዘዴ አያሳስትም። ዲስኩን ጎማው በሚታሰርበት ሞዞ ላይ፣ ቆቡ ወደ ውጭ ሆኖ እንዲቀመጥ ያድርጉትና ከላይኛው ጫፍ በአንዱ መስኮት ቀጭን ሽቦ ወይም ጭራሮ ወደ ውስጥ ይስደዱ። መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ የዲስኩ የላይኛው ጫፍ የሚዞረው ወደ መኪናው አፍንጫ ነው። ስለዚህ ሽቦው ወደ ታችና ወደ መኪናው ፊት እያጋደለ ከገባ የክንፉ የውስጥ ጫፍ ቀድሟል ማለት ነው፣ ዲስኩም በቦታው ነው። ወደ ታችና ወደ ኋላ ካጋደለ ዲስኩ የሌላኛው ጎን ነው። ቀጥ ብሎ ወደ መሃል ከወረደ ክንፎቹ ቀጥ ያሉ ናቸውና ከውስጥ በኩል የሚያሳስብ አቅጣጫ የለም፤ ቀዳዳና ቦዩን በተመለከተ የአምራቹን መመሪያ መከተል፣ መመሪያም ከሌለ ሁለቱ ጎኖች እንዲመሳሰሉ አድርጎ ማሰር ይበቃል።

ዲስኩን እዚያው ላይ ገልብጦ ማስተካከል አይቻልም። መሃሉ እንደ ባርኔጣ ወጣ ያለ ስለሆነ በሞዞው ላይ የሚቀመጠው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው፤ የተሳሳተ ዲስክ መድኃኒቱ ወደ ማዶ ጎማ መዛወር ብቻ ነው። ሁለቱንም በጭራሮ ፈትሸው ሁለቱም የአንድ ጎን ሆነው ከተገኙ፣ ወይ ሻጩ የአንድ ወገን ሁለት ዲስክ ልኮልዎታል፣ ወይ ደግሞ አምራቹ ለሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ነው የሚሠራው። የቱ እንደሆነ የመለዋወጫ ቁጥሩ ይናገራል።

ፋብሪካው ራሱ ለሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ዲስክ የሚያስር ከሆነስ?

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም በእርግጥ የሚደረግ ነገር ነው። ክንፋቸው የተቆለመመ ሆኖ በአንድ የመለዋወጫ ቁጥር ለግራም ለቀኝም የሚሸጡ ዲስኮች አሉ፤ በእነዚህ መኪናዎች ላይ አንደኛው ጎን ሁልጊዜ ወደማይመች አቅጣጫ ይሽከረከራል። አምራቹ ይህን ሲያደርግ ሁለት ቅርጽ ማውጣትና ሁለት ዓይነት ዕቃ በመጋዘን ማስቀመጥ የሚያስከትለውን ወጪ አስልቶ፣ ደካማው ጎን እንኳ ለመኪናው ክብደትና ፍጥነት እንደሚበቃ አረጋግጦ ነው። እንደ ፖርሽ 911 ባሉ ፈጣን መኪናዎች ላይ ግን የግራና የቀኝ ዲስክ ለየብቻ ነው የሚሠራው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አቅጣጫው ዋጋ የለውም የሚል አይደለም። ትርፍ አቅም ያለው ዲስክ ጥቂት አየር ቢጎድልበት ይችለዋል፤ ለግራና ለቀኝ ተለይቶ የተሠራውን ዲስክ ግን በተሳሳተው ጎን ማሰር ገንዘብ የተከፈለበትን አየር መልሶ መተው ነው።

በተቃራኒ ቢታሰር መኪናው አይቆምም?

ይቆማል። ከቤት ወደ ሥራ በከተማ ውስጥ የሚመላለስ ሰው ልዩነቱን ለዓመታት ላያውቀው ይችላል፣ ስህተቱም ተደብቆ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። የሚጎዳው ሙቀት በሚከማችበት ጊዜ ነው፦ በረጅም ቁልቁለት፣ ሰውና ዕቃ ሞልቶ ሲነዳ፣ ተጎታች ሲጎተት፣ ወይም ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ደጋግሞ ፍሬን ሲያዝ። ያኔ ዲስኩ ከሚገባው በላይ ይግላል፣ ሸራው ቶሎ ያልቃል፣ ባለ ቀዳዳ ከሆነም የመሰንጠቅ ዕድሉ ይጨምራል።

በሞተር ሳይክልና በብስክሌት ላይ ነገሩ ይለያል። የእነሱ ዲስክ ቀጭንና ወጥ ነው፤ ቀስት የሚታተምበትም የሳህኑ ፊት ከመሃሉ ጋር የተያያዘባቸው ቀጫጭን ክንዶች የፍሬኑን ኃይል በተወሰነ አቅጣጫ እንዲሸከሙ ተደርገው ስለተሠሩ ነው። እዚያ ጉዳዩ የጥንካሬ ነውና ቀስቱን ችላ ማለት አይገባም።

ጎኑ ከታወቀ በኋላ ምን ይቀራል?

ሥራው እንደማንኛውም ዲስክ መቀየር ነው፤ የሚዘነጋው ግን የሞዞው ንጽሕና ነው። በሞዞው ፊት ላይ የቀረ፣ ውፍረቱ ከአንድ ወረቀት የሚያንስ ዝገት ዲስኩን በጥቂቱ ያንጋድደዋል፤ ዲስኩ ከሞዞው ሰፊ ስለሆነም መንጋደዱ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይበዛና ከጊዜ በኋላ ፍሬን ሲያዝ መሪው እንዲንቀጠቀጥ ያደርጋል። ስለዚህ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ መፈግፈግ ያስፈልጋል። የዝገት መከላከያ ዘይት ተቀብቶ የመጣ ዲስክ በፍሬን ማጽጃ ይጠረጋል፤ የጎማው ዳዶዎች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ መኪናው በሚጠይቀው ኃይል ይጠብቃሉ። አዲስ ሸራ አብሮ ከገባ፣ ባዶ መንገድ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ፍጥነትን ደጋግሞ በመጠኑ በመቀነስ ሁለቱን ማላመድ ይገባል።

ስህተቱ የታወቀው ዲስኩ ጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ ከሆነ፣ ማዛወሩ ዘግይቷል ማለት አይደለም። ሸራና ዲስክ አብረው ሲሠሩ አንዱ የሌላውን መልክ ይይዛልና ዲስኩ ወደ ማዶ ሲሻገር የለመዳቸው ሸራዎች አብረውት ቢሻገሩ ይመረጣል፤ የግራና የቀኝ ሸራቸው ለሚለያይ መኪናዎች ግን ሸራውን በቦታው ትቶ እንደ አዲስ ማላመድ ነው።